ዛፍ በሸራ ላይ፦ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትና ስሙ፣ ከሀራሙስ ግድግዳዎች የተነሣ ሒስ

1. መነሻ

ሀራሙስ በጅቡቲ ከተማ የቪላዎች፣ የኤምባሲዎችና የውጭ ድርጅት ሠራተኞች ሰፈር ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ዛሬ በብዛት ከሚሰቀሉት የግድግዳ ጌጦች አንዱ፣ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት መልክ ያለው የዛፍ ምስል በሸራ ላይ ታትሞና ተወጥሮ የሚቀርበው ነው። ዓይነቱ የታወቀ ነው። ጥቁር ግንድ፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የግራር አናት፣ ከበስተኋላ ቀይ ወይም ቢጫ ሰማይ፣ በመሮ የተቆረጡ የሚመስሉ ሹል መስመሮች። ቤቱን የሚጠብቀው፣ የሚያጸዳውና ምግቡን የሚያበስለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ፣ ይህ ዕቃ በአማርኛም ይጠራል፤ «ሥዕል» ይባላል። በሻጩ ወረቀት ላይ ግን ፈረንሳይኛው በሸራ ላይ የታተመ መሆኑን ይገልጻል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የእንጨት ኅትመት በሸራ ላይ» የሚል ስያሜ ይወጣዋል።

የዚህ ሒስ ጥያቄ በዚያ ስያሜ ላይ ያተኩራል። በሸራው ላይ ያለው ነገር የእንጨት ኅትመት ነውን? ካልሆነስ አማርኛ ልዩነቱን የሚናገርበት ቃል አለውን? ጉዳዩ የጌጥ ምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሥነ ጥበብ ስያሜ መዝገብ የሚያዘጋጁ፣ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚያርሙ፣ የክልል ቋንቋዎችን ሙያዊ ቃላት የሚሰበስቡ ባለሙያዎች አንዱን ስም ለሁለት ነገር ሲሰጡ፣ ከሁለቱ በዋጋ ርካሽና በቁጥር ብዙ የሆነው ስሙን ይወስዳል፤ ሌላው ስም አልባ ይሆናል።

2. በጣውላው ላይ የሚሆነው

የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አሠራር ቀላል ነው። ሠዓሊው የተላገ ጣውላ ወስዶ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ቦታ በመሮና በቢላዋ ይፈለፍላል። ያልተነካው የጣውላው ፊት ቀለም ይቀበላል። ወረቀት ይነጠፍበታል፤ በማንኪያ ጀርባ ይታሻል ወይም በመጫኛ መሣሪያ ይጫናል። ወረቀቱ ሲነሣ ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። ስለዚህ ቀራጩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሩን በግልብጡ ማሰብ አለበት። በግእዝ ፊደል ቃል መቅረጽ የፈለገ ሰው ችግሩን ፈጥኖ ያየዋል፤ በወረቀቱ ላይ «ባ» እንዲነበብ በጣውላው ላይ «ቦ» መሰል ቅርጽ መቁረጥ ይኖርበታል። የረዘመው እግር ቦታውን ይለውጣልና ራብዑ ሳብዕ፣ ሳብዑም ራብዕ ይሆናል።

በዚህ ሥራ ውስጥ እንጨቱ ዝም ብሎ የሚሸከም መደብ አይደለም። በርዝመቱ የተሰነጠቀ ጣውላ የራሱ መስመር አለው፤ መሮው መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ ይቀለዋል፣ አቋርጦ ሲሄድ ይንገዳገዳል ወይም ይሰነጥቃል። ኖርዌያዊው ኤድቫርድ ሙንክ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻና በ1902 በሠራቸው «መሳም» በተሰኙ ኅትመቶች የጣውላው መስመር ሳይሸፈን እንዲታተም ትቶታል፤ የጥንዶቹ ምስል በእንጨቱ የዕድሜ መስመሮች መካከል ቆሞ ይታያል። አሜሪካዊው ብራያን ናሽ ጊል ደግሞ የተቆረጠ ግንድን አግድም ፊት ራሱን ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ አትሟል። «ዉድከት» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ የሚታየው ዛፍ በሠዓሊ የተሣለ ዛፍ አይደለም፤ የዛፉ የዕድሜ ቀለበቶች በቀጥታ ወረቀቱን ነክተው የተዉት አሻራ ነው። በሙንክም በጊልም ሥራ ምስሉ ያለ እንጨቱ ሊኖር አይችልም።

የሸራው ዕቃ አሠራር ከዚህ ይለያል። አስቀድሞ የታተመ ወረቀት ፎቶግራፍ ይነሣል ወይም በማንበቢያ መሣሪያ ይነበባል፤ ፋይል ይሆናል፤ መጠኑ ይሰፋል፣ ቀለሙ ከሶፋውና ከመጋረጃው ጋር እንዲስማማ ይለወጣል፤ ከዚያም ማሽን ጥቃቅን የቀለም ጠብታዎችን በጨርቁ ላይ ይረጫል። በመጨረሻ ጨርቁ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል። ብዙዎቹ ሸራዎች ደግሞ ከነጭራሹ ጣውላ አላዩም፤ የመሮ ምልክት የሚመስለው መስመር በኮምፒዩተር የተሣለ ነው።

ውጤቱን በቅርብ ላየ ሰው ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ የጣውላው መስመር በነበረበት ቦታ የጨርቁ ድርና ማግ ይታያል። ሁለተኛ፣ ልኩ ጠፍቷል፤ በእጅ አንጓ እንቅስቃሴ የተወሰነች የአንድ ጣት ርዝመት ጭረት ክንድ የሚያክል ሆና ስትሰፋ፣ የቆረጣትን እጅ ከእንግዲህ አታስታውስም። ሦስተኛ፣ ምስሉ በፍሬሙ ጠርዝ ዞሮ ወደ ጎን ስለሚታጠፍ የጣውላው ዳር ይጠፋል፤ ሠዓሊው በእርሳስ የሚጽፈው ፊርማና የእትም ቁጥርም ወይ ይቆረጣል ወይ ራሱ የምስሉ አካል ሆኖ ይባዛል። በዚህ ሁሉ መካከል ከዕቃው ውስጥ የቀረው እውነተኛ እንጨት አንድ ብቻ ነው፦ ከጀርባ ተደብቆ ሸራውን የወጠረው ፍሬም።

3. የአዲስ አበባው ትምህርት

ጉዳዩ ለአማርኛ ባዕድ አይደለም። በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ጥበብን በቋሚነት ያስተማረ ተቋም ነው። በሐምቡርግ እ.ኤ.አ. በ1915 የተወለደውና ወደ ብራዚል ከተሻገረ በኋላ የባሂያን ግዛት ስም በስሙ ላይ የጨመረው ካርል ሃይንዝ ሐንሰን ባሂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ ተቀምጦ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዘሪሁን በእንጨት ቅርጽ ኅትመት ጀምሮ፣ ቆይቶ በጠባብ የቀርከሃ ፍልጦች ላይ በሚሣላቸው ሥራዎች ታወቀ። ከጣውላ ወደ ቀርከሃ የተደረገው ጉዞ አንድ ያልተቋረጠ ሐሳብ ያሳያል፤ ሁለቱም ጊዜ መደቡ በምስሉ ላይ ድምፅ አለው። የቀርከሃው ፍልጥ ምስሉን ይከፋፍለዋል፣ ቀጥ ያደርገዋል፣ እንደ ጥልፍና እንደ ጥቅልል ብራና እንዲነበብ ያደርገዋል። ይህን ሥራ ፎቶ አንሥቶ በሸራ ላይ የሚያትም ሰው ምስሉን አገኘ ይባላል እንጂ ሥራውን አገኘ አይባልም።

በትምህርት ቤቱ ዙሪያ የተፈጠረው የአማርኛ አጠራር ግን ያልጠና ነው። «ቅርጻ ቅርጽ» የሚለው ቃል በሐውልትና በሌላ ባለ ሦስት ገጽ ሥራ ተይዟል። «ቅርጽ» ብቻውን መልክ፣ ይዞታ ማለት ሆኗል። «ግራፊክስ» የሚለው የውጭ ቃል ዛሬ በንግድ ማስታወቂያና በኮምፒዩተር ሥራ ላይ ይውላል። «የእንጨት ኅትመት» የሚለው አጭር ስም ደግሞ በእንጨት የታተመውንና የእንጨት መልክ ያለውን አይለይም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው።

4. ዛፍ፣ እንጨት፣ ቅርጽ

በጅቡቲ ጎን ለጎን የሚነገሩ ቋንቋዎች ይህን መስክ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይከፋፍሉታል። በግእዝ «ዕፅ» የቆመውንም የተቆረጠውንም ይይዛል። አማርኛ ግን ከፍሎታል፤ የቆመው «ዛፍ»፣ የተቆረጠው ከዚያው ከ«ዕፅ» የወጣው «እንጨት» ነው። በአማርኛ ዛፍን እንጨት የሚያደርገው መጥረቢያ ነው። በፈረንሳይኛ «ቧ» የሚለው ቃል እንጨትንም ጫካንም ይጠራል። በሶማልኛ «ጌድ» ዛፍ ነው፤ «ቆሪ» ደግሞ እንጨት ወይም በትር። ከ«ቆሪ» አጠገብ «ቆር» የሚል ግሥ አለ፤ ትርጉሙ መቅረጽ ነው፣ መጻፍም ነው። ጽሑፍ «ቆራል» ይባላል። አንድ ሶማልኛ ተናጋሪ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን ለመግለጽ ሲነሣ መቅረጽንና መጻፍን በአንድ ግሥ ያገኛቸዋል።

አማርኛ በዚህ ረገድ የራሱ ሀብት አለው። «ቀረጸ» መሮ ይዞ ከመቁረጥ ተነሥቶ ድምፅ እስከ መያዝ ደርሷል፤ «መቅረጸ ድምፅ» እና «ቀረጻ» የየዕለት ቃላት ናቸው። ሥርዓተ ትምህርትም ይቀረጻል፣ ፖሊሲም ይቀረጻል። በዚህ ሁሉ ትርጉም ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ፦ በሚቋቋም ነገር ላይ ምልክት ማኖር። ችግሩ የሚመጣው ከመቅረጽ ወደ ማባዛት ሲኬድ ነው፤ በዚህ ቦታ ዛሬ «ኅትመት» ብቻውን ሁሉን ይሸከማል።

5. ማተም፣ መገልበጥ፣ መቅዳት

«ኅትመት» ከ«ኀተመ» ይወጣል፤ «ማኅተም» ወንድሙ ነው። በዐረብኛም ያው ሥር ማኅተምንና የጣት ቀለበትን ይሰጣል። የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም መጫንና መንካት ነው። ቀለሙን የያዘው ፊት የሚቀበለውን ፊት ካልነካ ማኅተም የለም። ከዚያው የወጣው «እትም» በመጽሐፍ ዓለም «የመጀመሪያ እትም»፣ «ሁለተኛ እትም» እየተባለ ይሠራበታል። ከአንድ ጣውላ በተወሰነ ቁጥር የሚወጣውን፣ 3/20 ወይም 7/20 እየተባለ የሚቆጠረውን ሥራ ለመጥራት ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። መንካትንም መቆጠርንም በውስጡ ይዟልና።

«ግልባጭ» በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ የሚታየው ቃል ነው። «ገለበጠ» ግን ከመቅዳት በፊት ፊትን ወደ ታች ማዞር ማለት ነው። የእንጨት ቅርጽ ኅትመት በቃሉ ሙሉ ትርጉም ግልባጭ ነው፤ ወረቀቱ በጣውላው ላይ ይገለበጣል፣ ምስሉም ግራና ቀኙን ይለውጣል። ይሁንና ቃሉ በቢሮ ሥራ ስለተያዘ ለሥነ ጥበብ ስያሜነት ማቅረብ ግርታን ይጨምራል። ጥቅሙ በማስረዳት ላይ ነው፤ ተማሪ ለምን ፊደሉ በግልብጡ እንደሚቀረጽ ሲጠይቅ ቋንቋው ራሱ መልሱን ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ቃል «ቅጂ» ነው። ሥሩ «ቀዳ» ሲሆን፣ «ደ» ወደ «ጀ» መለወጡ ከ«ወለደ» «ወላጅ»፣ ከ«ወደደ» «ወዳጅ» እንደሚወጣው የታወቀ የድምፅ ለውጥ ነው። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ጠላ ከጋን ይቀዳል፣ ዘፈን ከካሴት ወደ ካሴት ይቀዳል። መቅዳት ያለ መንካት ይሆናል፤ ፈሳሹ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ የጋኑ ቅርጽ ግን ከጠላው ጋር አይሄድም። በሸራ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ማሽኑ ፈሳሽ ቀለም ይረጫል፤ የጣውላው አካል በመንገድ ላይ ቀርቷል። ስለሆነም የሸራው ዕቃ ትክክለኛ ስም «ቅጂ» ነው። ቃሉ ዘለፋ የለበትም፤ የተቀዳ ጠላ ያው ጠላ ነው፣ ጋኑ ግን ሌላ ነው።

«ሸራ» የሚለው ቃልም መታየት ይገባዋል። በአማርኛ ሸራ የሠዓሊ ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ድንኳንም፣ የጭነት መሸፈኛም ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዝ ሾፌር «ሸራው ታስሯል?» የሚለው ጥያቄ ስለ ሥዕል አይደለም። በዚህ ከተማ ሸራ በመጀመሪያ የሚያሳስበው የመሸፈን ሥራን ነው። የሀራሙሱ ሸራ ይህን ሥራ በሌላ መንገድ ይሠራል ማለት ይቻላል፤ የሚሸፍነው የእንጨቱን ፊት ነው።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ለሸራው የሚሟገት ሰው ጠንካራ መከራከሪያ አለው። የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ራሱ ከመነሻው የማባዣ ዘዴ ነበር። ቫልተር ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ስለ ጥበብ ሥራ መባዛት በጻፈው የታወቀ ድርሰት፣ የመስመር ጥበብ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘዴ የተባዛው በእንጨት ቅርጽ መሆኑን አመልክቷል። በጃፓን የሆኩሳይን ንድፍ በጣውላ ላይ የሚቀርጸው ሌላ ባለሙያ፣ የሚያትመውም ሌላ ነበር፤ ዋጋውም ተራ ሰው የሚገዛው ነበር። ታዲያ በማባዛት የተወለደ ጥበብ እንደገና ቢባዛ ምን ክፋት አለው? በተጨማሪም ሸራ ቀላል ነው፣ መስታወት አያስፈልገውም፣ የባሕር እርጥበትና ሙቀት ባለበት ከተማ ወረቀት ሲሸበሸብና ሲሻግት እርሱ ይችላል።

መከራከሪያው በአመዛኙ ትክክል ነው፤ ሒሱም የብቸኛ ቅዱስ ሥራ ናፍቆት አይደለም። ልዩነቱ በብዛት ላይ አይደለም፣ በመንካት ላይ ነው። የሆኩሳይ ኅትመት ሺህ ጊዜ ቢታተም ሺውም ወረቀት ጣውላውን ነክቷል። ጣውላው ሲያረጅ መስመሩ ይደክማል፤ ኋላ የወጣው ከመጀመሪያው ይለያል፤ ዐዋቂ ገዢም ይህን ያያል። የሸራው ቅጂ አያረጅም፤ ፋይሉ የሚደክም ነገር የለውምና። ስለዚህ ሁለቱ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንድ ስም ግን ሊጋሩ አይገባም። ስሙ ሲጋራ የሚጎዳው ጣውላ ገዝቶ፣ ለሳምንታት ፈልፍሎ፣ ሃያ እትም ያወጣ ሠዓሊ ነው። ገዢው በሁለቱም ላይ «የእንጨት ኅትመት» የሚል ስም ካነበበ የዋጋው ልዩነት ምክንያቱ አይገባውም።

7. ከሥሩ ሰው የሌለበት ዛፍ

የስያሜው ጉዳይ ከምስሉ ይዘት ጋር ይገናኛል። በግድግዳ ሸራዎች ላይ የሚታየው ዛፍ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ብቻውን ነው። ከሥሩ የሚቀመጥ የለም። የዚህ ልማድ አንዱ ታዋቂ ምንጭ ደቡብ አፍሪካዊው ያኮቡስ ሄንድሪክ ፒርኒፍ (እ.ኤ.አ. 1886–1957) ነው። በእንጨትና በሊኖሊየም ላይ የቀረጻቸው የግራርና የሌሎች የአገሩ ዛፎች ምስሎች በመስመር ጥራታቸው የሚደነቁ ናቸው፤ ዛሬም በሸራ ተባዝተው ይሸጣሉ። ተቺዎች ግን ከመልክዓ ምድሩ ላይ ነዋሪው መጥፋቱን፣ ይህም መሬትን ባለቤት እንደሌለው አድርጎ ከማየት ፖለቲካ ጋር መስማማቱን ደጋግመው አንሥተዋል። በአንጻሩ የናሚቢያው ጆን ሙአፋንጌጆ (እ.ኤ.አ. 1943–1987) በሊኖሊየም ኅትመቶቹ ውስጥ ሰዎችን፣ ስሞችንና ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን ቀርጿል። ፊደሎቹን በግልብጥ መቁረጥ ነበረበት፤ ቢሆንም ምስሉ እንዲናገር ፈልጓል።

በአፍሪካ ቀንድ ዛፍ ብቻውን የሚቆም ነገር አይደለም። በአማራ አገር ሽማግሌዎች የሚቀመጡት በዋርካ ጥላ ነው፤ የኦሮሞ ጉባኤ ከኦዳ ጋር የተቆራኘ ነው፤ በሶማሌም «ጌድ» የዳኝነት መሰብሰቢያ ስፍራ ነው። ዛፍ የንግግር ቦታ ነው። በሸራው ላይ የጠፋው ስለዚህ የእንጨቱ መስመር ብቻ አይደለም፤ ከጥላው ሥር የነበረው ሰውና ንግግሩም ነው። በዓመት ከሁለት መቶ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዝናብ በሚያገኝ ከተማ፣ በጎዳ ተራሮች ላይ ያለው የዴይ ደን ጥዶች በብዛት እየደረቁ ባሉበት አገር፣ በአየር ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ የማይደርቅ ግራር ምን እንደሚያጽናና መረዳት አይከብድም። ማጽናናቱ ባይነቀፍም፣ ዛፉ ከየትኛው አገር እንደሆነ እንኳ የማይናገር መሆኑ ግን መታወቅ አለበት።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ከተነሣው በመነሣት ሦስት ስያሜዎች እንዲለዩ ይመከራል። በጣውላ ተቀርጾ፣ ጣውላውን በመንካት የወጣው ሥራ «የእንጨት ቅርጽ እትም» ይባል። ከእንደዚህ ዓይነት እትም ተወስዶ በጨርቅ ላይ የተረጨው «የሸራ ቅጂ» ይባል፤ ከየትኛው እትም እንደተቀዳም አብሮ ይጻፍ። ጣውላ ሳያይ በኮምፒዩተር የተሠራው «በእንጨት ቅርጽ መልክ የተሠራ ምስል» ይባል። ሦስቱም ስሞች ከተለመደ አማርኛ የተገኙ ናቸው፤ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም። በሶማልኛና በአፋርኛ የስያሜ ሥራም ተመሳሳይ መንገድ መከተል ይቻላል፤ የውጭውን ቃል ከመተርጎም በፊት እጅ የሚሠራውን መመልከትና ለዚያ ሥራ ቋንቋው ያለውን ግሥ መጠየቅ።

ይህ ምክር ለቋንቋ አጥኚዎች ራሳቸውም ይሠራል። ከዛፍ ጥላ ሥር የተነገረ ተረት በመቅረጸ ድምፅ ሲያዝ ድምፁ መሣሪያውን ነክቷል፤ ትንፋሹ፣ ሳሉና የአድማጮቹ ጣልቃ ገብነት በቀረጻው ውስጥ አሉ። ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ፣ ተርሞ፣ በጥናት ጽሑፍ ገጽ ላይ ሲወጣ ግን ቅጂ ነው። ጠቃሚ ቅጂ ነው፣ ያለ እርሱም ጥናት የለም። ነገር ግን የሚጠቅሰው ሰው «ተረቱ» ብሎ ሲጠራው ከየትኛው ቀረጻ እንደተቀዳ አብሮ ሊናገር ይገባል። በሀራሙስ ግድግዳ ላይ ካለው ሸራ የሚጠየቀው ግልጽነት ከጥናት ገጽም ይጠየቃል።